በአንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ስለሚከፈተው ድረ ገጽዎ

ለክቡር አቶ ህሩይ
የሰባት ኮረብታ ትምህርት ቤቶች ማኅበር ዋና ሥራ አስኪያጅ
ጭሮ

ግንቦት 22 ቀን 2006 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ሰላምታዬ ደረጃዎን ጠብቆ፣ በጸሐፊዎ በኩል አልፎ፣ ተራውንም ይዞ ይድረስዎ። ለመሆኑ እንዴት ሰንብተዋል? ባለቤትዎስ፣ ልጆችዎስ፣ ያ የወገብዎ ሕመምስ? ጠረጴዛዎ ላይ ያለው ኮምፒውተርስ ደኅና አደረ? የእርሱን ጤና ለብቻው መጠየቄን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ፤ እርሱ አንድ ቀን ያመመው እንደሆነ በጭሮ፣ በገለምሶ፣ በመሰላና በመቻራ ያለን የማኅበርዎ ቤተሰቦች በሙሉ ድረ ገጽ አልባ ሆነን መቅረታችን ስለሆነ፣ በጸሎቴ ሳላነሳው የዋልኩበት ቀን የለም።

ከሥራ ብዛት ዘንግተውኝ ከሆነ ኦልጅራ እባላለሁ፤ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ያለችው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት የኔ ናት። ማኅበርዎ የሚያወጣው ደብዳቤ ሁሉ በኔ ማሽን ስለሚባዛ የማኅተምዎን ክብ ከራሴ ፊርማ ይልቅ አውቀዋለሁ። ባለቤቴ መምህርት ዓይናዲስ በመቻራው ትምህርት ቤትዎ ሒሳብ ስታስተምር ይህ ስድስተኛ ዓመቷ ነው። ልጃችን ኢያኤል ከኔ ጋር ጭሮ ናት፤ ሰባት ዓመቷ ነው። ከሰባት ላይ ስድስት ሲቀነስ ስንት እንደሚቀር ለማወቅ ደግሞ የሒሳብ መምህር መሆን አያስፈልግም።

በነዚህ ስድስት ዓመታት የጠበቅነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በጭሮው ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ቦታ እንዲከፈትና ዓይናዲስ ወደ ቤቷ እንድትመጣ። ቦታው ዘንድሮ ሚያዝያ ላይ ተከፈተ። ተዘጋም። ሁለቱም የሆኑት በድረ ገጽዎ ላይ ነው። ጽሕፈት ቤትዎ ተራ ቁጥር የሌለውን ወረቀት እንደማያነብ ጸሐፊዎ ወይዘሮ ሳህሊቱ በትሕትና ስላስረዱኝ፣ ቅሬታዬን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዬን፣ በቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

1ኛ. በቅድሚያ ስለ ምረቃው አመሰግናለሁ። በመጋቢት መጨረሻ አዲሱ ድረ ገጽ ሲመረቅ ከተጋበዙት አንዱ ነበርኩ፤ ሪባን በኮምፒውተር ዙሪያ ታስሮ በመቀስ ሲቆረጥ በዕድሜዬ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። መጋቢያችን ጸለዩ፣ ሽማግሌዎች መረቁ፣ እኛም ቢሮዎ ሁላችንን ስለማይችል አራት አራት ሆነን፣ ለምንጣፍዎ ክብር ጫማችንን እያወለቅን ገብተን አየን። እውነቱን ለመናገር ያምር ነበር። የአራቱም ትምህርት ቤቶች ፎቶ አለ፣ የክፍት ቦታ ማስታወቂያ አለ፣ የዝውውር ማመልከቻ አለ፣ ከታች ደግሞ ስንት ሰው እንደጎበኘው የሚቆጥር ቆጣሪ አለ። እርስዎም ተነሥተው ማኅበሩ ከዛሬ ጀምሮ ለዓለም ሕዝብ ክፍት መሆኑንና የወረቀት ዘመን ማብቃቱን ሲያበስሩ አጨበጨብን። በወረቀት የማድረው እኔ እንኳ አጨብጭቤአለሁ።

ከምረቃው በፊት ከስክሪኑ ጠርዝ ላይ አንዲት ቢጫ ወረቀት ተለጥፋ ነበር አሉ። ድረ ገጹን የሠራው ባለሙያ ኢዮስያስ በእጁ የጻፋት ናት፤ «ይህ ለቅድመ ዕይታ ብቻ ነው፤ ሌላ ቦታ ገና አይከፈትም» ትላለች። ፎቶ ታበላሻለች ተብላ ተነሣች። ፎቶውም በእርግጥ አምሮ ወጥቷል።

2ኛ. ስለ ኢዮስያስ ትዕግሥት፣ ማለትም እርስዎ ስለፈተኑት ትዕግሥት። ይህ ልጅ የገለምሶ ልጅ ነው፤ ነገሩን ለኔ ለመሃይሙ ያስረዳኝ እንዲህ ብሎ ነው። አዲሱ ድረ ገጽ የተቀመጠው በአዲስ ቤት ነው፤ የማኅበሩ ስም ግን በዓለም የአድራሻ መዝገብ ላይ ገና የድሮውን ቤት ያሳያል። ስሙን ወደ አዲሱ ቤት ለማዞር፣ አዲስ አበባ ላለው ስም መዝጋቢ ክፍል የእርስዎ ፊርማና ማኅተም ያረፈበት አንድ ገጽ ደብዳቤ መላክ አለበት። እስከዚያው ግን እርስዎ ሥራውን ቀድመው አይተው እርማት ይሰጡ ዘንድ፣ በኮምፒውተርዎ ሆድ ውስጥ ባለች ትንሽ የአድራሻ ማስታወሻ ላይ አንድ መስመር ጨመረ። መስመሯ ኮምፒውተሩን «ይህን ስም ስትሰማ የዓለሙን መዝገብ አትጠይቅ፤ ቀጥታ ወደ አዲሱ ቤት ሂድ» ትለዋለች። የምትታዘዘውም ለዚያ ኮምፒውተር ብቻ ነው።

ከተማችን አሰበ ተፈሪ መባሏ ቀርቶ ጭሮ ከተባለች ስንት ዘመኗ፤ የሚኒባስ ረዳት ዛሬም በድሮ ስሟ ይጣራል፤ በሁለቱም ስም የተሳፈረ ሰው ግን እዚሁ ይወርዳል። በእርስዎ ድረ ገጽ እኛና እርስዎ በአንድ ስም ተሳፍረን ሁለት ቦታ ወረድን።

ኢዮስያስ ደብዳቤውን ራሱ አርቅቆ፣ እኔው ጋ አስጽፎ፣ ለፊርማ አቀረበልዎ። እርስዎም ኮምፒውተርዎን ከፍተው፣ ድረ ገጹ ወለል ብሎ ሲከፈት አሳዩትና፣ በከተማው ሁሉ የሚጠቀስልዎትን ያን ቃል ተናገሩ፦ «የሚሠራን ነገር መነካካት የሰነፍ ሥራ ነው።» ልጁ ለሦስት ጊዜ ተመላለሰ፤ በሦስተኛው፣ በሥራው መመረቅ ቀንቶ ሊያበላሸው ይፈልጋል ተብሎ ራሱ ተጠርጥሮ ተመለሰ። ራሱ በሠራው ሥራ ራሱ ይቀናል ማለት ነው እንግዲህ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ እኛ ደግሞ ሚያዝያ ላይ ነበርን።

3ኛ. ስለ መስተንግዶዎ። ድረ ገጹ ከቢሮዎ ውጪ አልከፈት ያላቸው ሰዎች አቤት ሲሉ፣ እርስዎ በቸርነትዎ መጥተው እንዲጎበኙ ፈቀዱላቸው። ማክሰኞና ሐሙስ፣ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት፣ ከትምህርት ቤት የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ፣ በወይዘሮ ሳህሊቱ መዝገብ ላይ «የድረ ገጽ ጎብኚ» ተብሎ ተመዝግቦ። ሌላው ዓለም ድረ ገጽን ተኝቶ ይጎበኛል፤ የኛ ተሳፍረው የሚሄዱበት መሆኑ ክብሩን ከፍ ያደርገዋል።

መምህርት ኩብራ ከመሰላ የድጋፍ ደብዳቤዋን ይዛ የመጣችው ሐሙስ ቀን ነው። እርስዎ ለስብሰባ ድሬዳዋ ነበሩ፤ የቢሮዎም ቁልፍ ከእርስዎ ጋር ነበር። ሴትየዋ ለእህቷ ልጅ ምዝገባ ጉዳይ አንዲት መረጃ ፈልጋ ነበር፤ ስትመለስ እኔ ሱቅ ገብታ ተቀመጠችና ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት፣ «ያ ረቢ! ድረ ገጹ ተቆልፏል፣ ቁልፉ ድሬዳዋ ነው አሉኝ» አለችኝ። እኔም አብሬያት ሳቅሁ። የኔ ተራ እየመጣ እንደሆነ አላወቅሁም ነበርና ነው።

4ኛ. ስለ ስፖርት ቀን። ይህኛው ትንሽ ይረዝማል፤ ይታገሡኝ።

የጭሮው የሒሳብ መምህር ቦታ የወጣው ሚያዝያ 6 ቀን ነው፤ ማመልከቻ የሚቀበለው ለአሥር ቀን። በድረ ገጹ ላይ ብቻ ነው የወጣው፤ ወረቀት አብቅቷልና። መቻራ ላይ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ካለው ከፍታ ካልወጡ ኔትወርክ የለም። ዓይናዲስ የዝውውር ወቅት መሆኑን ስለምታውቅ በየቀኑ ደብተር አርማ ስትጨርስ ስልኳን ይዛ ያን ዳገት ትወጣለች፤ የማኅበርዎን ስም ትጽፋለች፤ የሚከፈትላትም የድሮው ድረ ገጽ ነው። እዚያ ላይ ያለው የ2002ቱ የስፖርት ቀን ፎቶ ነው። በጆንያ ሩጫ አንደኛ የወጣ አንድ ልጅ ዋንጫ ይዞ ይስቃል። ልጁ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፤ በድረ ገጹ ላይ ግን ገና ከጆንያው አልወጣም።

ለፋሲካም መጣች። በዓሉን ዋልንና በማግስቱ ሱቄን ከፍተን በኔ ኮምፒውተር ሁለታችን ሆነን ፈለግን። አሁንም ያው ባለ ጆንያ። ከሱቄ እስከ ቢሮዎ አምስት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። ማስታወቂያው በዚያች ሰዓት በተቆለፈው ቢሮዎ ውስጥ፣ በጠፋው ኮምፒውተርዎ ላይ፣ ለዓለም ሕዝብ ክፍት ነበር። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው። እኛ ላሚቱ መኖሯንም አልሰማንም።

ዓይናዲስ ወደ መቻራ ተመለሰች። ሚያዝያ 21 ቀን የእርስዎ ማስታወቂያ በትምህርት ቤቷ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ፤ ይህኛው በወረቀት ነው የመጣው፣ ስንት ኮፒ እንደሆነ ስላባዛሁት አውቃለሁ፣ ነገር ግን ደንበኛዬን አክባሪ ስለሆንኩ የሰው ደብዳቤ አላነብም ነበር። «ወደ ጭሮ መዛወር የፈለገ መምህር ስላልተገኘ ቦታው ተሰርዟል» ይላል። እንግዲህ የባለቤቴን ተስፋ የዘጋውን ወረቀት ያባዛሁት በገዛ እጄ ነው።

እዚህ ላይ፣ ክቡር ሆይ፣ ቀልዴን ለአፍታ ላቁም። ልጄ ኢያኤል እናቷ ለበዓል ስትመጣ ውኃ የምትቀዳላት ለእንግዳ በምናወጣው ብርጭቆ ነው። ማንም አላስተማራትም። እናቷ ብርጭቆውን ተቀብላ አመስግና ትጠጣለች፣ ከዚያ ጓዳ ገብታ ትቆያለች። ይህ ያመኛል። በእርስዎ ተናድጃለሁ፣ በራሴም ተናድጃለሁ፣ ያንን ወረቀት ሳባዛ አንድ ጊዜ ዓይኔን ጣል ባላደረግሁበት ቀንም ተናድጃለሁ። አሁን ወደ ምስጋናዬ እመለሳለሁ።

5ኛ. ስለ መጀመሪያው ደብዳቤዎ። ዓይናዲስ ፈቃድ ጠይቃ፣ ከመቻራ በገለምሶ፣ ከገለምሶ በበዴሳ አድርጋ፣ በአቧራ ተለውሳ መጥታ አቤት አለች። ቀኑ ረቡዕ ስለነበረ ድረ ገጹን መጎብኘት አልተቻለም። መልስዎ ግን ግንቦት 4 ቀን በጽሑፍ ደረሳት፦ «ማስታወቂያው ለማንኛውም ሰው በማንኛውም ቦታ ክፍት በሆነው ድረ ገጻችን ላይ አሥር ቀን የቆየ ስለሆነ፣ አለማየት የራስዎ ጥፋት ነው።» ስለ ፍጥነቱ አመሰግናለሁ። ጥፋተኛ መባል እንኳ ለወትሮው ከሁለት ወር በላይ ያስጠብቃል።

በዚህ ጊዜ ነው ወደ ኢዮስያስ የደወልኩት። ልጁ ታሪኩን ሁሉ አፈሰሰልኝ፤ በመጨረሻም አፍሮ፣ ያችን መስመር በስልክ እየነገረኝ በኮምፒውተሬ ላይ ጻፍኳት። አጭር ናት፤ ጥቂት ቁጥሮች፣ ትንሽ ክፍት ቦታ፣ ከዚያ የማኅበርዎ ስም። ቢሮዎ ሳልገባ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ፣ አዲሱ ድረ ገጽ ፊቴ ላይ ተከፈተ። ማስታወቂያውም አለ። የሒሳብ መምህር፣ ጭሮ፣ አንድ ቦታ፤ የአመልካቾች ብዛት ዜሮ። የዓይናዲስንም ማመልከቻ እዚያው ሞልቼ ላክሁ፤ አንድ አመልካች ሆነ።

6ኛ. ስለ ቆጣሪው። ለቦርዱ ባቀረቡት ሪፖርት ድረ ገጹ በአንድ ወር ከአራት መቶ በላይ ጎብኚ ማግኘቱን ገልጸዋል። ወይዘሮ ሳህሊቱ፣ እባክዎ እንዳይቆጧቸው፣ ከነዚህ ውስጥ ሦስት መቶ ያህሉ እርስዎ ራስዎ ቁጥሩ ጨምሮ እንደሆነ ለማየት የከፈቱባቸው እንደሆኑ ያምናሉ። ጎብኚ ጎብኚ ነው፤ እኔ አልነቅፍም። ብቻ ኩብራ ወሬውን ሰምታ ከመሰላ መምህራን ይዛ መጣች፤ የገለምሶዎቹም ተከተሉ፤ ለሁሉም በሱቄ ከፈትኩላቸው፤ ቆጣሪውም እርስዎ ምሳ ላይ ሳሉ፣ በርዎ ተቆልፎ፣ በአንድ እኩለ ቀን በአርባ ሦስት ከፍ አለ።

ሌላ ሥራ አስኪያጅ ቢሆን ጎብኚ በዛልኝ ብሎ ይደሰታል። እርስዎ ግን ለኢዮስያስ ደውለው ድረ ገጹ ውስጥ ሌባ መግባቱን ነገሩት። በሩ ሳይሰበር ሌላ ሰው እንዴት ሊያየው ይችላል ብለው መጠየቅዎን ሰምቻለሁ። ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነበር፤ ሁለት ወር ዘገየ እንጂ።

7ኛ. ስለ ሁለተኛው ደብዳቤዎ፣ ማለትም ስለ ዋናው ስጦታዬ። ግንቦት 18 ቀን በስሜ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። «ከጽሕፈት ቤታችን ኮምፒውተር በስተቀር በየትኛውም ቦታ ሊታይ የማይችለውን ድረ ገጽ ያለ ፈቃድ በመክፈትዎና ለሌሎች በማሳየትዎ» ይልና፣ የባለቤቴ ማመልከቻም በዚሁ ሕገወጥ መንገድ የገባና ጊዜው ያለፈበት በመሆኑ ውድቅ መደረጉን ይገልጻል። ደብዳቤው ለፋይል አራት ኮፒ ያስፈልገው ስለነበር፣ እንደተለመደው እኔው ጋ መጥቶ እኔው አባዛሁት። በዚህ ጊዜ ግን አነበብኩት።

ሁለቱን ደብዳቤዎች ጎን ለጎን አስቀምጬ ደጋግሜ አየሁ። በግንቦት 4ቱ ድረ ገጹ በማንኛውም ቦታ ለማንኛውም ሰው ክፍት ነው፤ ስለዚህ ዓይናዲስ አለማየቷ ጥፋቷ ነው። በግንቦት 18ቱ ከእርስዎ ቢሮ በስተቀር የትም ሊታይ አይችልም፤ ስለዚህ እኔ ማየቴ ጥፋቴ ነው። ሚስት ባለማየት፣ ባል በማየት ጥፋተኛ የሆኑበት ቤት ከኛ በቀር በምዕራብ ሐረርጌ የለም ብዬ እገምታለሁ። ፊርማው የእርስዎ ነው፤ ማኅተሙም ያው ነው፤ ክቡን አውቀዋለሁ ብዬአለሁ።

እንግዲህ ሁለቱን ደብዳቤዎች ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ በሱቄ በር፣ በመናኸሪያው ሰሌዳና በአራቱም ከተሞች የመምህራን ማረፊያ ክፍል እንዲለጠፉ አድርጌአለሁ። ግድግዳ ላይ ማድረጌ ለእርስዎ ካለኝ አክብሮት የተነሣ ነው፤ ግድግዳ ቀጠሮ አይጠይቅም፣ እንደ ኮምፒውተርም አይጠፋም።

የምጠይቅዎ አንድ ፊርማ ብቻ ነው። ኢዮስያስ ያረቀቀው ደብዳቤ በጠረጴዛዎ ግራ በኩል፣ ገቢ ከሚለው ሣጥን ግርጌ መሆኑን ወይዘሮ ሳህሊቱ ያውቃሉ። ፈርመው ቢልኩት ስሙ በጥቂት ቀናት ወደ አዲሱ ቤት ይዞራል፤ የመሰላዋ ኩብራም መሰላ ሆና ታየዋለች። በእርስዎ ኮምፒውተር ላይ ምንም ነገር እንደማይለወጥ ኢዮስያስ በእግዚአብሔር ስም ምሎ አረጋግጦልኛል።

እግዚአብሔር አምላክ ዕድሜዎን ያርዝምልዎ፤ ወገብዎን ያበርታልዎ፤ ምንጣፍዎን ከአቧራ፣ ቆጣሪዎን ከሌባ ይጠብቅልዎ። በቀጠሮ ቀን በርዎ ላይ ጫማውን አውልቆ ከሚጠብቀው ሕዝብ መካከል፣ የሁልጊዜ አክባሪዎና አባዥዎ፣

ኦልጅራ
የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት፣
የመምህርት ዓይናዲስ ባል፣ የኢያኤል አባት፣
ያለ ፈቃድ ያየ

ግልባጭ፦ ማየት ለሚችል ሁሉ

ማሳሰቢያ፦ ክቡርነትዎ ከመቻራ ወደ ጭሮ መምጣት የፈለገ ሰው እንዳልተገኘ ለዓለም ሕዝብ አስታውቀዋል። እርስዎን የመሰለ ሰው ዋሸ ከሚባል እኛ ብንቸገር ይሻላል ብለን ከባለቤቴ ጋር ተማክረናል። ስለዚህ ኢያኤል የዓመቱን ፈተና እንደጨረሰች የፎቶ ኮፒ ማሽኔን፣ ኮምፒውተሬንና አልጋችንን በጎረቤታችን በቡሽራ አይሱዙ የጭነት መኪና ጭነን ወደ መቻራ እንሄዳለን። ከሐምሌ ጀምሮ የሚባዛ ደብዳቤ ቢኖርዎ ድረ ገጽዎ ላይ ያውጡት። እዚያ ልጄ ከእናቷ ጋር ታድራለች፤ እርስዎም ከኮምፒውተርዎ ጋር ደኅና ይደሩ።